የባንክ መዝገብ ከቅርንጫፍ ወደ ማእከል



ባንክ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገብ ነው። ገንዘብ ከፋዩ ከመክፈሉ በፊት የደንበኛውን ሒሳብ መመልከት አለበት። ስለሆነም ኮምፒዩተሮችን በመስመር ማያያዝ በባንክ ሥራ ላይ ያስከተለውን ለውጥ ለመረዳት፣ መዝገቡ የት እንደ ነበረና ወዴት እንደ ተዛወረ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህም የእንግሊዝ ባንኮች ታሪክ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1967 ባርክሌይስ ባንክ በሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ በተባለው ሠፈር፣ ገንዘብ የሚከፍል መሣሪያ ሥራ አስጀመረ። ደንበኛው ከባንኩ የተቀበለውን የወረቀት ማዘዣ አስገብቶ ባለአራት አኃዝ ምስጢራዊ ቁጥሩን ሲነካ 10 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። ሆኖም መሣሪያውን ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኝ መስመር አልነበረም፤ የማዘዣውን ትክክለኛነትና የቁጥሩን መስማማት ያጣራ ነበር እንጂ፣ በደንበኛው ሒሳብ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን አያውቅም ነበር።

በዲሴምበር 1972 ግን ሎይድስ ባንክ በኤሴክስ ግዛት በብሬንትዉድ ከተማ፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የተሠራና ከባንኩ ኮምፒዩተር ጋር በመስመር የተያያዘ መሣሪያ ለሕዝብ አገልግሎት አቀረበ። ደንበኛው የሚፈልገውን መጠን ይጠይቃል፤ መልሱም ከማእከሉ ይመጣል። እንዲህ ባለው መንገድ የመክፈል ውሳኔ ቀስ በቀስ ከቅርንጫፉ ወደ ማእከሉ ተዛወረ፤ ውሎ አድሮም ደንበኛው የአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን የመላው ባንክ ደንበኛ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም የራሱ ዕዳ አለበት። በጁን 2012 በሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን ውስጥ፣ የሌሊቱን የሒሳብ ሥራ በተራ የሚያስኬደው ፕሮግራም በተሻሻለ ጊዜ እክል ተፈጠረ። ማሻሻያውን ለማንሣት የተወሰደው እርምጃ ውጤቱ አስቀድሞ ስላልተፈተነ ሥራው ተስተጓጎለ፤ ችግሩም ወደ ናትዌስትና ወደ አልስተር ባንክ ጭምር ተዛመተ። በብሪታንያ ብቻ ቢያንስ 6.5 ሚሊዮን ደንበኞች ተጎዱ። ደመወዝ መክፈል ያልቻሉ ድርጅቶች፣ በባዕድ አገር ያለ ገንዘብ የቀሩ መንገደኞች ነበሩ። ቅርንጫፎቹ ክፍት ነበሩ፤ ሠራተኞቹም አልጠፉም፤ የጠፋው በእጃቸው ሊይዙት የሚችሉት የታደሰ መዝገብ ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በ2014 በቡድኑ ላይ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መስመሩ ይቅር የሚል አይደለም፤ ወደ ቀድሞው መዝገብ መመለስ አይቻልምና። መሐንዲሱ መስመሩን ሲዘረጋ፣ መስመሩ የሚቋረጥበትን ቀን አብሮ ማቀድ አለበት። ማእከሉ ዝም ባለ ጊዜ ቅርንጫፉ እስከ ምን ያህል ገንዘብ ሊከፍል ይችላል? በየትኛው ሰነድ ተመርኩዞ? የከፈለውስ በኋላ እንዴት ይመዘገባል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ያለባቸው በእክሉ ዕለት፣ ደንበኛው በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሳለ ሳይሆን፣ ሥራው በወረቀት ላይ ገና በሚነደፍበት ጊዜ ነው።