የተንሸራታች ኩሽኔታ መደገፊያ በእጅ በሚሠራ ፍሬዛ ላይ



በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ፍሬዛ በገዛ እጁ ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ፥ ገንዘቡንም ሆነ ሐሳቡን አስቀድሞ የሚያፈስሰው በሞተሩና በመቈጣጠሪያው ላይ ነው። ኩሽኔታው የሚሄድበትን ሐዲድ ምን እንደሚሸከመው የሚጠይቀው ግን መኪናው ተገጣጥሞ ካለቀ፥ የመጀመሪያውም ብረት ፊቱ ሸካራና ሞገድ የበዛበት ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለእርማት የቀረ ገንዘብ አይገኝም።

ስለ ርካሽነቱ ብዙዎች የሚመርጡት በሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘውን ክብ ዘንግ ነው። ነገሩ በቁጥር ይታይ። ዲያሜትሩ 16 ሚሊሜትር፥ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርዝመት 600 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ዘንግ፥ መካከሉ ላይ 100 ኒውተን፥ ማለት የ10 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ቢያርፍበት 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረግባል። ጫፎቹ ፈጽሞ ሳይነቃነቁ ቢታሰሩ መርገቡ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ሆኖም ትንሹ የአሉሚንየም መያዣ ዘንጉን እንዲህ አጥብቆ ይይዛል ብሎ መገመት የዋህነት ነው። ዘንጉን ወደ 20 ሚሊሜትር ማወፈር መርገቡን 2.4 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ ርዝመቱን በግማሽ ማሳጠር ግን ስምንት ጊዜ ይቀንሳል።

እንግዲህ መፍትሔው ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር ከሥሩ መደገፍና ሆዱ የተከፈተ ኩሽኔታ መጠቀም ነው። ይህም ቢሆን ጉድለት አለው፤ ኩሽኔታው በተከፈተው ጎኑ በኩል የሚመጣበትን ጭነት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። ጠፍጣፋ ጎን ያለው፥ ኳሶቹ በአራት መስመር የሚሽከረከሩበት ሐዲድ ግን ጭነትን ከአራቱም አቅጣጫ ይቀበላል። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ብረት ለመቁረጥ ለሚያስብ ሰው ተመራጩ እርሱ ነው።

ይሁንና ሐዲድ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በቡሎን የታሰረበትን ወለል መልክ ይከተላል። በብየዳ የተሠራ አካል ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፤ ወለሉን በፍሬዛ ማስተካከል እንዳይቻል ደግሞ ፍሬዛው ገና አልተሠራም። ብዙ የእጅ ሠሪዎች ይህን ችግር የሚያልፉት ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀጭን ኤፖክሲ በማፍሰስ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ቦታ ዙሪያ ግድብ ይሠራል፤ ሁለቱም ገንዳዎች በአንድ ቦይ ይገናኛሉ፤ ፈሳሹም እንደ ውኃ በአንድ ደረጃ ይረጋል። ፈሳሹ ግድቡን ተከትሎ በዳሩ ከፍ ስለሚል ገንዳው ከሐዲዱ ሰፋ ማለት አለበት።

ሁለቱን ሐዲዶች ትይዩ ማድረግም የራሱ ሥርዐት አለው። አንደኛው ሐዲድ በቀጥታ ማስመሪያ ተመርቶ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል። የሁለተኛው ቡሎኖች ላላ ብለው ይቆያሉ፤ ከዚያም ጠረጴዛው በሁለቱ ላይ ተጭኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየተገፋ፥ በደረሰበት ሁሉ ያለው ቡሎን ይጠብቃል። ጠረጴዛውን የሚነዳው ጥርስ ያለው ዘንግ ገና መገጠም የለበትም፤ ከተገጠመ የእጅን ስሜት ይሸፍናል። ጠረጴዛው ከበድ ያለበት ስፍራ ሐዲዶቹ የተቀራረቡበት ወይም የተራራቁበት ስለሆነ፥ የዚያ አካባቢ ቡሎኖች ላልተው ሥራው እንደገና ይደገማል።