ከቤት ኮምፒዩተር ወደ ቴሌቪዥን ያለ ሽቦ ስለ መላክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)





በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፥ ስለ ሩቅ ነገር እንናገር ወይስ በየቤታችን ስላለ ነገር ብለን ተመካከርን። ስለ ሩቁ የሚናገሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ እኛ በየሳሎኑ ስለሚገኙ ሁለት ዕቃዎች ለመናገር ቈረጥን፤ እነርሱም ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን ናቸው። በብዙ ቤት እነዚህ ሁለቱ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ይኖራሉ። ፊልሙ፥ የሰርጉ ቪዲዮ፥ የትምህርቱ ቪዲዮ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቤተ ሰቡ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። በመካከላቸው የሚመላለሰው አንድ ፍላሽ ብቻ ነው፤ እርሱም ዛሬ ቢገኝ ነገ ይጠፋል።

ሁለቱን ያለ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል ባልን ቍጥር ከወላጆቻችን የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ኢንተርኔቱን ይጨርሰዋል፤ ተዉት!» ይሉናል። መልሱ ከቍጠባ የመጣ ስለ ሆነ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን ስለ ዋናው መንገድ ትክክል አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ከሁሉ አስቀድሞ ይኸን ለማስረዳት ነው።

ዋይፋይና ኢንተርኔት ዘወትር አብረው ስለሚጠሩ አንድ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን ዋይፋይ ማለት በግቢው ውስጥ ያለው መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከግቢው በር ውጭ ያለው አውራ ጎዳና ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ራውተር ይባላል። ክፍያ የሚጠየቀው ከበሩ ለሚወጣና ለሚገባ ብቻ ነው። ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ በራውተሩ በኩል ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ ፊልም ግን ከግቢው አይወጣም። ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ወጥ ለማምጣት ታክሲ የሚሳፈር ሰው አለን?

ነገሩን በቍጥር እንየው። የ2 ሰዓት ፊልም በእያንዳንዱ ሴኮንድ 5 ሚሊዮን ቢት ቢያስፈልገው፥ በጠቅላላው 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። ይኸው ፊልም በኢንተርኔት ከውጭ ቢመጣ ያን ያህል ከፓኬጃችን ላይ ይቀነሳል። 40 ተማሪዎች በየስልካቸው ለየብቻ ቢያዩት ደግሞ 180 ጊጋባይት ይደርሳል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፥ ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያየው ከፓኬጁ የሚቀነሰው ዜሮ ነው፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ቢደገም ዜሮ ነው። የውጭው መሥመር ከራውተሩ ቢነቀል እንኳ ፊልሙ አይቋረጥም። ይኸን እኛ ራሳችን መሥመሩን እየነቀልን ሞክረነዋል።

እንግዲህ ሁለቱ ዕቃዎች እንዴት ይተዋወቃሉ? በአገራችን እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥም «አቤት፥ ይግቡ!» ይባላል። ቴሌቪዥኑም እንደዚሁ ያደርጋል። በዋይፋዩ ላይ ሆኖ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ይጣራል፤ ለዚህ ጥሪ የተመደበ አድራሻ እንኳ አለ፥ 239.255.255.250 ነው። ፊልም ያለው ኮምፒዩተር ስሙንና አድራሻውን ይመልሳል፤ ቀጥሎም ያለውን ሁሉ በዝርዝር ያቀርባል። ተመልካቹ በሪሞት ይመርጣል፤ ቴሌቪዥኑም የተመረጠውን ጥቂት በጥቂት እየጠየቀ ይወስዳል። ይኸን ሥርዓት በየዕቃው ውስጥ ያስፋፋው፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ሶኒና ኢንቴል ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ ስሙም ዲኤልኤንኤ ይባል ነበር። ማኅበሩ በ2017 ፈርሷል፤ ሥርዓቱ ግን ዛሬም በብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ አለ። ገዝተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መኖሩን አያውቁም።

አንዳንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ቢጣራም የሚመልስለት ያጣል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ መሮጥ አያስፈልግም። አስቀድሞ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን መመልከት ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ሁለተኛ ዋይፋይ ካለ፥ በእርሱ ላይ ያሉት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ተከልክለዋል። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ የቤቱን ዋይፋይ እንደ አደባባይ ቈጥሮት እንደ ሆነ ማየት ነው፤ በአደባባይ ያለ ኮምፒዩተር በሩን ዘግቶ ዝም ይላልና። ግን በሩ ሲከፈት ደግሞ ጥንቃቄ ይገባል። ይህ የዲኤልኤንኤ ሥርዓት የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ በዋይፋዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዝርዝሩን ያያል። ስለዚህ ለብቻው አንድ ፎልደር ማዘጋጀትና እርሱን ብቻ መክፈት ይሻላል። የቤተ ሰቡን ሰነድና ፎቶግራፍ ሁሉ ለእንግዳ መዘርጋት ምን ያደርጋል?

አሁን ደግሞ እኛን እጅግ ያስደነቀንን ነገር እንናገር። የአንድ ሙሉ ጥራት ሥዕል ወርዱ 1920 ነጥብ፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ያስፈልጋል፤ በሴኮንድም 25 ሥዕሎች ያልፋሉ። ይኸን በወረቀት ላይ ብናባዛው በሴኮንድ 1,244,160,000 ቢት ሆኖ አገኘነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ እንዴት 5 ሚሊዮን ብቻ ቀረ? 250 እጅ ያህል ተጨምቆ ማለት ነው! ምሥጢሩ ያልተለወጠውን አለመድገም ነው። ዜና የሚያነብ ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ከኋላው ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ግድግዳው አንድ ጊዜ ይላካል፥ ከዚያ በኋላ «እንደ ነበረ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና ኤች 264 የሚባለው የአጨማመቅ ደንብ በብዙው የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን ቢት በላይ አያሳልፍም ነበር። እንግዲህ አየሩ እየሰፋ፥ ሥዕሉም እየጠበበ ሄዶ በመካከል ተገናኙ ማለት እንችላለን።

ነገር ግን አየሩ የሁሉ ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ 2.4 ጊጋሄርትዝ ሲሆን ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ አጠገብ ነው። ምግብ ሲሞቅ ፊልሙ የሚንተባተበው ስለዚህ ነው። 5 ጊጋሄርትዝ የሚባለው ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም መልሶ ይወረውራቸዋል፤ ኮምፒዩተሩ በቆርቆሮ በተሠራ ክፍል፥ ቴሌቪዥኑ በዋናው ቤት ከሆነ ብዙ ተስፋ አይደረግም። ሌላም አለ። ኮምፒዩተሩ ወደ ራውተሩ፥ ራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ በአንዱ አየር ሲናገሩ ያው ነገር ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ አቅሙም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያያያዘ ሰው ያን ግማሽ መልሶ ያገኛል። ያለ ሽቦ ስለ መላክ እየተናገርን ሽቦ መምከራችን ያስቃል፤ የሚያዋጣው ግን ይህ ነው።

ሞገዱ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ፊልሙ ወዲያው አይቆምም። ቴሌቪዥኑ ለጥቂት ሴኮንዶች የሚበቃ ሥዕል አስቀድሞ ያጠራቅማል። ይህም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቤቱ እንደሚቀመጠው ሮቶ ነው፤ ቧንቧው ቢደርቅ ከሮቶው ይቀዳል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ነው ያ የሚሽከረከር ክብ የሚመጣብን።

እስካሁን የተናገርነው ፋይሉን ራሱን ለቴሌቪዥኑ ስለ መስጠት ነው። ሁለተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም የኮምፒዩተሩን ስክሪን እንዳለ ማንጸባረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሚራካስት ይኸን ያለ ራውተር ያደርጋል፤ ኮምፒዩተሩና ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ጽሑፍና ሥዕላዊ መግለጫ ለማሳየት ለመምህር ይመቻል። ለረጅም ፊልም ግን አንመርጠውም፤ ኮምፒዩተሩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ዕረፍት ሲጨምቅ ይግላል፥ በሥዕሉም ላይ መዘግየት ይታያል።

ሦስተኛውን መንገድ ለይታችሁ እንድታውቁት እንለምናለን፤ የወላጆቻችን ሥጋት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ክሮምካስት የተባለውን ትንሽ ዕቃ በ35 ዶላር ለገበያ አወጣ። በቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰካና ከስልክ ትእዛዝ ይቀበላል። ተመልካቹ ፊልሙ ከስልኩ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስልኩ «ይኸን አምጣ» ብሎ ያዝዛል እንጂ ፊልሙን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ራሱ ዕቃው ነው። ከፓኬጁም ይቀነሳል። ደግሞም የዕቃው ቍልፍ በሙሉ በባለቤቱ እጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በ2015 የወጣው ሞዴል በብዙ አገር በአንድ ጊዜ መሥራት አቆመ። ዕቃው አልተሰበረም፥ ዋይፋዩም አልጠፋም፤ በውስጡ የነበረው ለ10 ዓመት የተሰጠ የማረጋገጫ ሰነድ ጊዜው ስላለፈበት ነው። ኩባንያው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ማስተካከያ ልኳል፤ ይኸን መመስከር ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ እስከዚያ ድረስ በገዛ ሳሎናቸው ተቀምጠው ከሩቅ የሚመጣ ፈቃድ ጠበቁ። በግቢው ውስጥ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን መጠበቅ አላስፈለገውም።

ይኸን የግቢ መንገድ ካቀኑት መካከል ተማሪዎች እንደሚገኙበት ስናነብ ልባችን ሞቀ። በፈረንሳይ አገር ኤኮል ሳንትራል ደ ፓሪ በሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የነበረው የኮምፒዩተር መረብ አሮጌና ዘገምተኛ ነበር። ተማሪዎቹ አዲስ መረብ ለማግኘት በቂ ምክንያት ፈለጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1996ም ከሳተላይት የሚመጣውን የቴሌቪዥን ሥዕል በመረቡ ላይ ወደ ኮምፒዩተሮች የመላክ ሥራ ጀመሩ። ያ ሥራ ቪዲዮላን ተባለ፤ ከእርሱም ዛሬ ሁላችንም በብርቱካናማ ምልክቱ የምናውቀው ቪኤልሲ ወጣ። በ2001 ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ለዓለም ሁሉ በነጻ ተሰጠ። በ2018 የወጣው ሦስተኛው እትሙ ደግሞ በኮምፒዩተር ላይ ያለን ፋይል ወደ ክሮምካስት እንዲልክ ሆነ። ስለዚህ ያ ትንሽ ዕቃ ራሱ በግቢው መንገድ ሊሠራ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ፊደላችን አንድ ነገር አለን። ለሥነ ሕይወት ትምህርት ቪዲዮ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጻፍንና ከፋይሉ ጋር ለቴሌቪዥኑ ሰጠን። በስክሪኑ ላይ የወጡት ግን ባዶ ሳጥኖች ብቻ ነበሩ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል፤ ያ ቴሌቪዥን ግን የፊደሉ ቅርጽ በውስጡ አልተጫነለትም። መድኀኒቱን ያገኘነው ከዚያው ከኮምፒዩተሩ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቴሌቪዥኑ የማያውቀውን ፋይል ወደሚያውቀው እየተረጐሙ ሲልኩ፥ የግርጌውን ጽሑፍ በሥዕሉ ላይ አትመው ይልኩታል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፊደሉን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ለእርሱ ከሥዕሉ አንድ ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩ ማራገቢያው እየጮኸ ይደክማል፤ ጽሑፉ ግን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ምንም ሳይጐድል ይወጣል።

ይኸው ቪዲዮ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ይታያል። የኢንተርኔቱ መሥመር ተነቅሎ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ወላጆቻችን መጥታችሁ መሥመሩንም ቴሌቪዥኑንም በዓይናችሁ እንድታዩልን በትሕትና እንለምናችኋለን።