የጡት እብጠት ሳይደበቅ ይለካ

የተከበራችሁ የሆሳዕና ነዋሪ እናቶችና አባቶች፣

ጡት ላይ እብጠት ሲወጣ «አያመኝምኮ» ብሎ መደበቅ በሰፈራችን አለ። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

በእጅ ዳስሰን ልኩን በትክክል አናውቅም። ሐኪም በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ይለካዋል። ካንሰር መሆኑን የሚለየው ደግሞ በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው። በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ላቦራቶሪ እንደገና ይለካዋል።

ልኩ ምን ያደርጋል እንዳትሉ! ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውና የዶሮ እንቁላል አክሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያለፈው ሕክምናቸው አንድ አይደለም።

ስለዚህ እኅቶቻችን፣ በከተማችን ወዳለው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቶሎ ሂዱ፤ የምርመራ ወረቀት አትጣሉ፤ የናሙናውን ውጤት ሳትቀበሉ አትቅሩ። ወደ ሌላ ከተማ ተልካ መሳፈሪያ የቸገራት ብትኖር ለማኅበራችን ትንገረን።



የማኅበሩ ጸሐፊ