ስለ ኤውሮጳ የናስካር መኪኖችና ስለ መሣሪያቸው
(በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ስለ እሽቅድምድም መኪና እንናገራለን ባልን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሣቁ። «ቤንዚን ከማቃጠል በቀር ምን ቁም ነገር አለበት?» አሉን። እኛ ግን በኤውሮጳ ናስካር በሚባለው ውድድር የሚሮጡትን መኪኖች ስንመረምር ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ ሁሉ የሚያገባ አንድ ጥያቄ አገኘንባቸው። ይኸውም ሰውን ከሰው በእውነት ለማወዳደር ሲፈለግ መሣሪያው እንዴት ያለ መሆን ይገባዋል? የሚል ነው።

ናስካር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ የተቋቋመ ማኅበር ነው። በ1949 በጀመረው ታላቅ ውድድር የተሰለፉት መኪኖች ማንም ሰው ከሻጭ ገዝቶ የሚነዳቸው ዓይነት ነበሩ፤ «ስቶክ ካር» የተባሉትም ስለዚሁ ነው፤ እንደ ተሸጠ፣ ያልተለወጠ ማለት ነውና። ኤውሮጳ ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው ዤሮም ጋልፔን የመሠረተው ውድድር በ2009 ተጀመረ፤ በ2012ም ናስካር በሥሩ አድርጎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ በብራንድስ ሃች፣ በቤልጅግም በዞልደር ሜዳ ተሽቀዳድመውበታል።

እንግዲህ ወደ መኪናው እንመለስ። ከውጭ ሲያዩት ሸቭሮሌ ካማሮ፣ ፎርድ መስታንግ ወይም ቶዮታ ካምሪ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ልብሱ ብቻ ነው። የፊት መብራቱ እንኳ ሥዕል ነው። በሩ አይከፈትም፤ ሹፌሩ የሚገባው በመስኮት ነው። ልብሱ ቢገፈፍ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ከብረት ቧንቧ የተበየደ አጥር፣ ከፊት 5.7 ሊትር የሚይዝ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ 400 ያህል የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚለወጥ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ። ክብደቱ ከ1,200 ኪሎ ይበልጣል፤ ጉልበቱ ሁሉ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን በመኪናው ላይ የሌለው ነገር ነው። ዛሬ በከተማ የሚነዱት አዳዲስ መኪኖች ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ፣ ጎማ ሲንሸራተትም የሞተሩን ጉልበት የሚቀንስ የኤሌክትሪክ አእምሮ አላቸው። ለእነዚህ መኪኖች ግን እንዲህ ያለው ረዳት ተከልክሏል። ሹፌሩ ፍሬኑን አብዝቶ ቢረግጥ ጎማው ይቆለፍና መሪው አልታዘዝም ይላል፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ ቸኩሎ ነዳጅ ቢሰጥ የኋላው ይንሸራተትና መኪናው ፊቱን ያዞራል። የሚያድነው የራሱ እግር ብቻ ነው። ዝናብ ቢዘንብስ? የዝናብ ጎማ ታስሮ ውድድሩ ይቀጥላል።

በአደጋ ጊዜ ነፍስ የሚያድነው መሣሪያ ግን አልተነፈገም፤ ይህም ትክክል ነው እንላለን። የቧንቧው አጥር፣ ሰፊው ቀበቶ፣ በመስኮቱ ላይ የሚዘረጋው መረብ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው በትከሻ ላይ ተቀምጦ ከራስ ቁር ጋራ በጠፍር የሚያያዝ አንገትጌ ነው። ይህን የፈለሰፉት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ሀበርድና አማቻቸው፣ እሽቅድምድመኛው ጂም ዳውኒንግ ናቸው። ብዙ ሹፌሮች ግን ያስቸግረናል ብለው ለዓመታት ናቁት። በየካቲት ወር 2001 ታላቁ ሹፌር ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና በመጨረሻው ዙር ላይ ከግንብ ተላትሞ ሞተ። ናስካርም በዚያው ዓመት አንገትን የሚደግፍ መሣሪያ በታላቁ ውድድሩ ላይ ግዴታ አደረገ። መሣሪያው የተሠራው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ መሆኑን ስናስብ እናዝናለን።

መኪኖቹ አንድ ከሆኑ ውድድሩ ዕጣ እንደ መጣል አይሆንምን? ይሉ ይሆናል። አይሆንም። እስራኤላዊው አሎን ዴይ በ2017፣ በ2018፣ በ2020ና በ2022 አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በእርግጥ ሞላውን፣ አሞርዛተሩንና የጎማውን አየር የሚያስማሙት መካኒኮች ናቸውና ድሉ የሹፌሩ ብቻ ነው ማለት አንችልም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያለው የተሻለ ሞተር ገዝቶ አይቀድምም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በዚህ ውድድር አንዱን መኪና እንደ ልማዱ ሁለት ሹፌሮች ይካፈሉታል፤ አንዱ በባለ ሙያዎቹ ክፍል፣ ሁለተኛው ገና በሚማሩት ክፍል ይሮጣል። ሁለቱም ክፍሎች ቅዳሜና እሑድ ይወዳደራሉ። ስለዚህ ሊቁ መኪናውን ቢሰብር የተማሪው ተራ ይጠፋል፤ ተማሪው ቢሰብርም ሊቁ በባዶ እጁ ይቆማል። በመካከል ያለው ሰዓት የመካኒኮቹ ነው፤ የተጣመመውን ያቀናሉ፣ የተቀደደውን ልብስ ይለጥፋሉ፣ ብሎኑን ያጠብቃሉ። ስማቸውን የሚጠራ ተመልካች ግን ጥቂት ነው።

የቧንቧውን አጥርና የአንገትጌውን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳው ላይ ነድፈነዋል። ሊያይ የሚወድ ወላጅም ሆነ ተማሪ ቢኖር ወደ ፊት ይምጣ፤ ቀርበን እናስረዳዋለን።