ስለ ስልክ መሥመር ልክ
(በአዲስ ከተማ ለተሰበሰቡ ነጋዴዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት የሒሳብ ነገር ለመናገር ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ሰውን ከእንጀራው ልታፈናቅል ስትል አይተናታል። ይኸውም የስልክና የኢንተርኔት መሥመር ፍጥነት በምን ይሰፈራል፤ አንዱ መስፈሪያስ ወደ ሌላው እንዴት ይመነዘራል የሚለው ጥያቄ ነው።

መርካቶ ውስጥ ሚዛን የማያውቅ ሰው የለም። በርበሬ ተራ ፈረሱላ የተባለ እንደ ሆነ 17 ኪሎ፣ ኩንታል የተባለ እንደ ሆነ 100 ኪሎ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ ወሩን ሳይጨርስ ይከስራል። በመሥመር ሽያጭ ግን ይህን የመሰለው መምታታት በየቀኑ ይደረጋል፤ ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም።

ከመሠረቱ እንነሣ። ድምፅ በስልክ ሲላክ ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለው ይቆረጣል፤ ለንግግር የቀረው ይበቃልና። ይህ ድምፅ ወደ ቁጥር የሚለወጠው በየሴኮንዱ 8000 ጊዜ እየተለካ ነው፤ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት ይጻፋል። 8000 በ8 ሲባዛ 64,000 ቢት፣ ማለት 64 ኪሎ ቢት በሴኮንድ ይሆናል። የአንድ ሰው ንግግር ዋጋ ይህ ነው። ዘዴውን እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1938 በፈረንሳይ አገር አስመዝግቦት ነበር፤ በስልክ አውታር ላይ በሰፊው የዋለው ግን በአሜሪካ ከ1962 ወዲህ ነው። አሜሪካኖች 24 ንግግር ባንድ መሥመር አሰልፈው 1544 ኪሎ ቢት አደረጉት። አውሮፓውያን 32 አሰለፉ፤ አገራችንም የተከተለችው የአውሮፓውያኑን ነው።

ኢ-ዋን የሚባለው ይህ መሥመር 32 መደቦች እንዳሉት የገበያ ረድፍ ነው። እያንዳንዱ መደብ 64 ኪሎ ቢት ስለሚይዝ ድምሩ 2048 ኪሎ ቢት ነው። ሆኖም ሁሉም መደብ ለንግግር አይከራይም። ቆጠራው ከ0 ይጀምርና 0ኛው መደብ የረድፉን መነሻ የሚያሳይ ዘበኛ ነው፤ 16ኛው ደግሞ ማን ደወለ፣ ማን ዘጋ የሚለውን የሚያመላልስ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ለንግግር የሚተርፉት 30 ናቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ኢ-ዋን አስገብቶ 32 ሰው ባንድ ጊዜ አነጋግራለሁ የሚል ሰው ከወዲሁ ሁለቱን ይቀንስ።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ኮምፒዩተር የለመደ ሰው «ኪሎ 1024 ነው» ብሎ 2048ን ለ1024 ያካፍልና «እነሆ፣ ልክ 2 ሜጋ» ይላል። ቁጥሩ ያለ ትርፍ መውጣቱ ነው የሚያታልለው። የስልክ ሰዎች ዘንድ ግን ምርቃት የለም፤ ኪሎ 1000፣ ሜጋም 1,000,000 ነው። ስለዚህ መሥመሩ 2.048 ሜጋ ቢት ነው። 2048 የተገኘው ከ32ቱ መደቦች ነው እንጂ ከ1024 አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው የቢትና የባይት ነገር ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። መሥመር የሚሸጠው በቢት ሲሆን ፋይል የሚለካው በባይት ነው። በዚሁ በመርካቶ አንድ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት «2 ሜጋ» ተብለው መሥመር ገዙ። 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል ሲያወርዱ 700ን ለ2 አካፈሉና ከ6 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል ብለው ጠበቁ። ሰዓት አለፈው። ሠራተኛው መሥመሩን በስውር ለጎረቤት ያካፍላል ብለው ጠረጠሩና የወር ደመወዙን ያዙበት። ልጁ ወደ እኛ መጣ። ሒሳቡ ይህ ነበር፤ 700 በ8 ሲባዛ 5600 ሜጋ ቢት፣ ያም ለ2.048 ሲካፈል 2734 ሴኮንድ። መሥመሩ አንድም ቢት ሳያባክን ቢሠራ እንኳ ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሌሎች ደንበኞች ነበሩ። ባለቤቱ በራሳቸው ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ደግመው ሠሩት። ደመወዙ ተከፈለ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ እኛም ይህን ስንናገር ደስ እያለን አይደለም።

ከኢ-ዋን በላይ ባሉት መሥመሮች ደግሞ ማካፈል ብቻውን አያዋጣም። ኤስ.ቲ.ኤም.-ዋን የሚባለው 155,520 ኪሎ ቢት ነው። ለ2048 ቢካፈል ወደ 76 የሚጠጋ ይወጣል፤ በእርግጥ የሚሸከመው ግን 63 ኢ-ዋን ነው። የቀረው ለመጠቅለያና ለመቈጣጠሪያ ይውላል፤ የጆንያው ክብደት ከበርበሬው ጋር እንደሚመዘን ማለት ነው። በተቃራኒውም ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ሲገባ የመጣው ስልት ንግግሩን ጨምቆ፣ ከአንቴናው ጀርባ ባለው መሥመር አንዱን መደብ ለ4 ሰዎች ያከፋፍል ነበር፤ ለእያንዳንዱ 16 ኪሎ ቢት።

በፋይበር በተተካው መሥመር ላይ መደቦቹን የሚቈጥር ገዢ አይኖርም። ቢትና ባይት ግን ዛሬም አሉ፤ ጥቅሉ በጊጋ ባይት ይሸጣል፣ ፍጥነቱ በሜጋ ቢት ይነገራል። ስለዚህ ውል ላይ «ሜጋ» ብቻ ተጽፎ ስታገኙ ሳትፈርሙ የምኑ ሜጋ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የመሥመር ውል ያለው ሰው አሁን ወደ ጠረጴዛው ይምጣ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዘናል፣ አብረን እናሰላዋለን።