ቅብጥብጥ የሚባለው ልጅ ወዴት ይሂድ?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የትኩረት ማነስ ሕመም ነው። ነገሩ አዲስ የፈረንጅ ፈሊጥ የሚመስላቸው ወገኖች ስላሉ አስቀድሜ ጥቂት ልበል። የለንደኑ ሐኪም ጆርጅ ስቲል አእምሯቸው ሳይጎድል ራሳቸውን መግታት ስለሚሳናቸው ልጆች በተከታታይ ንግግሮች ያስረዳው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1980 እ.ኤ.አ. የትኩረት ማነስ ሲል በመዝገቡ አሰፈረው፤ በ1987 ደግሞ ቅብጥብጥነትን በስሙ ላይ ጨመረበት።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተነሥተን ዳባትንና ደባርቅን አልፈን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ብንሄድ እንዲህ ያለው ልጅ ስም አያጣም፤ ቀዥቃዣ ይባላል፣ ልበ ቢስ ይባላል፣ ሲብስም ባለጌ ይባላል። በእረኝነት ዘመኑ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ያን ያህል አያስወቅሰውም፤ ከብቱ የሰው ገብስ ውስጥ ሲገባ ይገረፋል እንጂ። ጉዳዩ ጎልቶ የሚወጣው ተጨናንቆ በሚማርበት ክፍል ውስጥ ነው። ሳትረብሽ በሐሳብ ጭልጥ የምትለዋን ልጅ ግን መምህርም አይከስሳት፤ ትምህርት አልገባሽም ተብላ ውኃ ቀጂ ሆና ትቀራለች። እኔን ይልቁንም የምታሳስበኝ እርሷ ናት።

ወላጆች አስቀድመው ወደ ጠበል ቢሄዱ አልነቅፋቸውም፤ የሚያውቁት ደጅ እርሱ ነውና። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ሲያድግ ይተወዋል» ወይም «ጎንደር፣ አለዚያም አዲስ አበባ አማኑኤል ውሰዱት» የሚል ነው። አማኑኤል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ይህ ልማድ መሠረት አለው። ከደባርቅ አዲስ አበባ ግን መንገዱ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገበሬው በሬ ሸጦ ሊሄድ ነውን?

ቢሄድስ? ይህ ሕመም በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም። የሚታወቀው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸው፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየታቸው፣ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ፣ ማለትም በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውና የልጁን ትምህርትና ኑሮ መጉዳታቸው ሲረጋገጥ ነው። የዚህ ሁሉ ምስክሮች እናቱና መምህሩ ናቸው። እነርሱም ያሉት ዳባት ነው። በከተማ ልጁን ለሃያ ደቂቃ የሚያየው ሐኪም የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ያለ እነርሱ ቃል ግማሽ ዕውቀት ብቻ ይዞ ይፈርዳል።

ስሙን ከመስጠት በፊትም ሌላውን መመርመር ግዴታ ነው። ጆሮው መግል የሚፈስሰው ልጅ ትእዛዝ አይሰማም፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ይቁነጠነጣል፤ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚመለሰው የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ የአዮዲን እጥረትና የደም ማነስም አሉ፤ ቁርስ ያልበላውንም አንርሳ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጦርነቱ የተወው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከየአካባቢው የተፈናቀለውም ሕዝብ ደባርቅ ተጠልሎ ነበር። ያን ያየ ልጅ አይረጋም፣ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ትምህርቱን አይከታተልም። በችኮላ ቢታይ የትኩረት ማነስ ያለበት ይመስላል፤ እንዲያ ተብሎ ቢታከም ግን ፍርሃቱ ሳይነካ ይቀራል። በአንጻሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመሙ የነበረበት ልጅ «የጦርነት ነገር ነው» ተብሎ ቢታለፍ እርሱም ተበደለ። ሁለቱን ለመለየት ከእናቲቱ ጋር ተቀምጦ «ከዚያ ክረምት በፊት ልጅሽ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በትዕግሥት መስማት ያስፈልጋል። ለዚህ መሣሪያ አይጠየቅም፤ ጊዜ ነው የሚጠየቀው።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም ለሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ቅድሚያ የተሰጠው ወላጆችን ማሠልጠንና ከመምህሩ ጋር መሥራት ነው። ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ትእዛዙን አሳጥሮ አንድ በአንድ መስጠት፣ በየመካከሉ ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ፣ ሲሳካለት ወዲያው ማመስገን ገንዘብ አይጠይቅም። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው መድኃኒት ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ለሞላ ልጆች፣ በልዩ ሐኪም ምክር የሚሰጥ ነው። ይህ መድኃኒት በድርጅቱ የመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ የቀረበው ጥያቄ በ2019ም በ2021 እ.ኤ.አ.ም ተቀባይነት አላገኘም። ብዙ ልጆችን እንደሚረዳ ግን ስለሚታወቅ፣ በአካባቢው አይገኝም ብሎ መኖሩን ከወላጅ መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ በገጠር አይቻልም የሚል ካለ የሚጥል በሽታን ያስታውስ። በጎንደር ዙሪያ ክትትሉ ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በነርሶች ተሠርቷል። በዳባትም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን የሚመዘግብበት ማእከል አቋቁሟል። የቤተሰቡን ደጅ የሚያውቅ ሠራተኛ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ በአማርኛ የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ ጤና ጣቢያውም ያን ቅጽ ሳያይ ለማንም ልጅ ስም አይስጥ፤ ልጁን ወደ ጎንደር የሚልክ ከሆነም ቅጹን በእናቲቱ እጅ ይላክ።