መዝገብ ቤቱ መቼ ይዘጋ?



የዛሬው ርእስ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከቡሬ ጤና ጣቢያ የሚነሣው የወር ሪፖርት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው በዚሁ ብልሃት ስለሆነ ጉዳዩ ከዚያ ይሰፋል።

ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ በጃቫ የተጻፈ ሥርዓት ሲሆን፣ ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚነጋገረው ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው በሃይበርኔት አማካይነት ነው። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ጤና ጣቢያ በተዋረድ ይቀመጣሉ። ምዕራብ ጎጃምን የጠራ ሰው ወረዳዎቹን ከነጤና ጣቢያዎቻቸው እንዳይሸከም፣ ሃይበርኔት የፋይሉን ሽፋን ብቻ ሰጥቶ ውስጡን ሲጠየቅ ሊያመጣ ይችላል። ይህን «ሌዚ ሎዲንግ» ይሉታል። «ሰነፍ አጫጫን» ብሎ መተርጎም ሥራውን መበደል ስለሚሆን «ሲፈለግ መጫን» እንበለው።

ውስጡ ሊመጣ የሚችለው ግን መዝገብ ቤቱ ክፍት ሳለ፣ ማለት ሴሽኑ ሳይዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ ቢጠየቅ ሥራው በስሕተት ይቋረጣል። የተለመደው መድኃኒት ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሴሽኑን ከፍቶ ማቆየት ነው። ስፕሪንግ ቡት ይህን ሳይታዘዝ ያደርገዋል፤ ከ2.0 እትሙ (እ.ኤ.አ. 2018) ወዲህ ግን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ማስጠንቀቂያውን አይቶ ማለፍ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ።

ለምሳሌ አንድ ዞን 10 ወረዳዎች፣ እያንዳንዱም ወረዳ 5 ጤና ጣቢያዎች አሉት እንበል። ለወረዳዎቹ ዝርዝር 1፣ ለየወረዳው ጤና ጣቢያዎች 10፣ ለየጤና ጣቢያው ሪፖርት 50 ጥያቄ፣ በድምሩ 61 ጥያቄ ወደ ቋቱ ይሄዳል። ክፍት ሴሽን ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያሳልፋል። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ምንም አይታወቅም።

የሚታወቀው በሪፖርት ሰሞን ነው። የጤና ሪፖርት ወር በየወሩ 20 ቀን ስለሚዘጋ፣ ጤና ጣቢያዎች ባንድነት ይመጣሉ። በብዙ የጃቫ ሥራዎች የምናገኘው ሂካሪ፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ወደ ቋቱ የሚይዘው 10 መስመር ብቻ ነው። ዐሥር ከባድ ገጾች መስመሮቹን ይዘው ሲቆዩ ዐሥራ አንደኛው ይጠብቃል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካላገኘ ይመለሳል። ቡሬ ያለችው ባለሙያ ጥፋቱ የኔትወርክ መስሏት ደግማ ትጫናለች፤ ወረፋውም ይረዝማል።

ሁሉን ነገር አስቀድሞ መጫን መፍትሔ አይደለም፤ ያንኑ የሸሸነውን ሸክም መልሶ ያመጣል። እያንዳንዱ ገጽ የሚያስፈልገውን ለይቶ፣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ በጥቂት ጥያቄ አምጥቶ፣ በቀላል ዕቃ ላይ ገልብጦ ሴሽኑን መዝጋት ነው የሚሻለው። ሁለት ዝርዝሮችን በአንድ ጥያቄ ማጣመር ግን ረድፎቹን ስለሚያባዛ ጥንቃቄ ይሻል።

በነባር ሥራ ላይ መጀመሪያ ክፍት ማቆያውን አጥፉት፤ የሚሰበሩት ገጾች የትኞቹ ዘግይተው እንደሚጠይቁ ያሳያሉ። እነሱን አንድ በአንድ እያቃናችሁ ጥያቄዎቹን በሎግ ላይ ቁጠሩ። ይህም በሙከራ ሰርቨር ላይ፣ ወሩ 20 ሳይሞላ ይፈጸም።